የወንፊቱ ነገር ሲገባኝ

በቀበሌው ስብሰባ ስለ ኤሌክትሪክ ልናገር ብነሳ ሊቀ መንበሩ «እማማ፣ ይህ የተማረ ሰው ጉዳይ ነው» ብሎ አስቀመጠኝ። አልተማርኩም፤ ደንቆሮ ግን አይደለሁም። የተቀጣሁበትን ነገር ከእሱ ይልቅ እኔ አውቀዋለሁ። ስለዚህ አስጽፈዋለሁ።

በታኅሣሥ ከካቺሲ ገበያ ስመለስ የጎረቤቴን የኦቦ ዲንሳን ልጅ፣ ሞሲሳን፣ መንገድ ላይ አገኘሁት። አምቦ የኤሌክትሪክ ሙያ ተምሮ መምጣቱ ነው።

«አዴ ደስታነሽ፣ ልጅዎ ገብረአማኑኤል ከጦር ሜዳ ድምፁን በቴፕ ክር ቀድቶ ላከልዎ አሉ። ምን አለ?»

«ምን አውቄ? የሟቹ ባለቤቴ ቴፕ በድንጋይ አይሠራም፤ መብራት ይፈልጋል፣ እዚህ ደግሞ መብራት የለም።»

«አምቦ ይዘነው እንሂድ።»

«የልጄን ድምፅ ሰው ቤት አላስከፍትም።»

ሳቀ። «እንግዲያው እዚሁ የመኪና ባትሪዎች ደርድሬ አሰማዎታለሁ።»

ቤቴ መጥቶ ባትሪዎቹን ከጥቅል ሽቦና ከትራንስፎርመር ጋር አገናኘና ካለቀ የባትሪ ድንጋይ ያወጣቸውን ሁለት የከሰል ዘንጎች ጫፍ ለጫፍ አስጠጋ። በመካከላቸው ነጭ እሳት ቆመ።

«አጥፋ» አልኩት። «ዘማች ባለበት ቤት መብረቅ አይጠራም።»

«መብረቅ እኮ አይደለም፣ አዴ።»

«ዘመዱ ነው። አጥፋ።»

አጥፍቶ ሄደ። ክሩ ስድስት ወር ሣጥን ውስጥ ተኛ።

በሰኔ ዱቄት ስነፋ ሞሲሳ ተመልሶ መጣ።

«ወንፊቱን ወደ አንድ በኩል ብቻ ቢገፉት ዱቄቱ ይወርዳል?»

«የትኛዋ ሞኝ ናት እንዲያ የምትነፋ?»

«የባትሪ ኃይል እንዲያ ነው፤ ወደ አንድ በኩል ብቻ ይሄዳል። ጉልበቱም ትንሽ ነው። እሳቱ ከጥቅል ሽቦው ጋር ሆኖ ወዲያና ወዲህ ያመላልሰዋል። የተመላለሰውን ትራንስፎርመሩ ያበረታዋል። ቴፑ የሚፈልገው ይህንኑ ነው።»

«በታኅሣሥ ለምን አልነገርከኝም?»

«መች አስጨረሱኝ?»

ወንፊቱን አስቀምጬ ሣጥኑን ከፈትኩ።

«በል ለኩሰው» አልኩት።

እሳቱ እንደሚነጠር ቅቤ ሲንጫጫ ክሩ ዞረ።

«እማዬ፣ እጄ ቆስሎ ሆስፒታል ነኝ፤ ለሕይወቴ አያሰጋም። እስከ ፋሲካ እዚሁ ነኝ፤ ከዚያ ወደ ግንባር እመለሳለሁ። ክሩን ያመጣልሽ ሰው ቦታውን ያውቃል፤ ወይ ነይ፣ ወይ ድምፅሽን ላኪልኝ።»

ፋሲካ ካለፈ ቆይቷል። ከእሱም ሌላ ወሬ አልመጣም።

ዛሬ ጎረቤቶቼ ወርቅቱና ሽታዬ ዘማች ልጆቻቸው የላኩትን ክር እኔ ቤት ይሰማሉ፤ በሳምንቱ መልስ ይልካሉ። እሳቱን ትኩር ብለው እንዳያዩት እቆጣቸዋለሁ። እውቀት በመጣ ቀን በሩን የዘጋ ሰው፣ በማን ላይ እንደዘጋው አያውቅም። እኔ አውቄዋለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ሞሲሳን አስጠራሁት።

«የት እንዳለ ሳናውቅ ድምፅዎን ወዴት እንልከዋለን፣ አዴ?» አለኝ።

«እሱ የአንተ ጉዳይ አይደለም። የሚቀዳውን ቁልፍ ተጫንና ዝም በል። ልጄ የጠየቀኝን ልመልስለት።»