እናትና አባቷ የተጻፉላት አበባ

ቡታጅራ መናኸሪያ፣ ወደ ወልቂጤ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ፣ ከድጄ የአበባ መትከያዋን ጭኗ ላይ አቅፋ ተቀምጣለች። አጠገቧ ክፍት የነበረው ወንበር ላይ ሐጂ ሸረፋ መጥተው ተቀመጡ። አርባ ዓመት ችግኝ ያፈሉ ሰው ናቸው፤ ዛሬ ደግሞ ወልቂጤ ለሚካሄደው የአበባ ውድድር ዳኛ ሆነው ተጠርተዋል።

«አሰላሙ አለይኩም ከድጄ። ምንድን ነው እንዲህ እንደ አራስ ልጅ የታቀፍሽው?»

«ወአለይኩሙ ሰላም ሐጂ። ፈትሂያ ያዳቀለችው ኦርኪድ ነው። ለውድድሩ ነው የያዝኩት።»

ሐጂ መነጽራቸውን ወደ ታች ሳብ አድርገው ፈዘዝ ያለውን ሐምራዊ አበባ አዩት።

«ልጄ፣ አትቀየሚኝና ይሄን ይዘሽ ባትገቢ ይሻላል። ከአዲስ አበባ ከሚመጡት አበቦች አጠገብ ሲቀመጥ ሰው ይስቅብሻል። ባለፈው ዓመት ያሸነፈው መዳፌን ያክል ነበር።»

ከድጄ መትከያውን ወደ ደረቷ አስጠጋች። ልጇ ፈትሂያ ባሕር ዳር አጠገብ ወዳለ የአበባ እርሻ ከሄደች ሦስት ዓመት አልፏል። ግቢያቸው ባለው ዋንዛ ላይ የሚበቅለውን ነጭ ኦርኪድ ከሐምራዊ ዘመዱ ጋር አዳቅላ፣ ዘሩን በጠርሙስ አሳድጋ፣ ችግኙን ለእናቷ ትታ ነው የሄደችው። «እማ፣ ሲያብብ እንዴት እንደሆነ ጻፊልኝ። ደህና ከሆነ መጥቼ እዚሁ ችግኝ እናፈላለን» ብላ ነበር። ከድጄ ያኔ ስሟን እንኳ መጻፍ አትችልም ነበር። በሳምንቱ የጎልማሶች ትምህርት ተመዘገበች። የስልክ ፎቶ መልክ ያሳያል እንጂ ሽታ አያደርስማ። አሁን የዳኛ ቃል ይዛ ልትጽፍላት ነበር ጉዞዋ።

«ሐጂ፣ ይፍቀዱልኝና ልጠይቅዎ። ልጅ ሲወለድ መጀመሪያ ምን እንላለን?»

«ማንን መሰለ እንላለን።»

«ታዲያ አበባ ሲሆን ለምን ከጎረቤት ጋር እናስተያየዋለን?»

«የተዳቀለ ነገር ዘሩ በምን ይታወቃል? በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት እናቴ ፈረስ ነች አለች።»

«በቅሎዋ አባቷን ደብቃ ነው። እኔ አህያውንም ፈረሱንም ጽፌ ይዣለሁ» ብላ ደብተሯን ከፈተች።

ሁለት የደረቁ አበቦች ገጹ ላይ ተለጥፈዋል፤ አንዱ ነጭ፣ አንዱ ሐምራዊ። ከሥራቸው የተጻፈው ፊደል የጀማሪ እጅ ነው፤ አንዱ ወፍራም አንዱ ቀጭን። ሐጂ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡ።

«እናት ነጯ፣ ሁለት ጣት ስፋት፣ በአንድ ዘንግ ሰባት አበባ፣ ዘጠኝ ቀን ትቆያለች። አባት ሐምራዊው፣ አራት ጣት፣ ሦስት አበባ፣ ሃያ አምስት ቀን። ልጅቷስ?»

«ሦስት ጣት፣ ስድስት አበባ። ዛሬ ሃያኛ ቀኗ ነው፤ አንድም አልረገፈም።»

«ከእናቷ ይልቅ ቆየች፣ ከአባቷ ይልቅ በዛች። እውነትም ትንሽ አይደለችም» አሉ ሐጂ ቀስ ብለው። «አውራ ጣትሽ የሸፈነውስ ምንድን ነው?»

ከድጄ አንገቷን ደፋች።

«አየሽ፣ በቅሎዋ አንቺ ሆንሽ!»

እሷም ሳቀች፤ ዓይኗ ግን እንባ አቅርሯል። ልጅ የናፈቃት እናት ጉድለት ብትሸፍን አይፈረድባትም፤ ቢሆንም የተሸፈነ ጉድለት አይታረምም። ጣቷን አነሳች።

«ሽታ። የእናቷ እስከ አጥሩ በር ይደርሳል። የአባቷ የለም። የልጅቷ፣ አፍንጫ ካልነካት አይሸትም» ብለው አነበቡ ሐጂ።

«ይህን ባትጽፊው ኖሮ ሌላውንም አላምንሽም ነበር» አሉ ደብተሩን እየመለሱላት። «እኔ ግሩም የበርበሬ ዘር ነበረኝ። ከየትኛው ከየትኛው እንደተገኘ ሳልጽፍ ቀረሁ፤ ዘሩ ሲጠፋ መልሼ ላገኘው አልቻልኩም። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። የተጻፈ ግን እኛ ብናልፍም ልጅ ያነበዋል፤ ምን እንደጎደለ ያውቃል፣ ከየት እንደሚሞላም ያውቃል። ዛሬ ለዳኞቹ እነግራቸዋለሁ፣ ድቅል አበባ ያለ እናትና አባቱ ጽሑፍ እንዳይዳኝ።»

«ለፈትሂያስ ምን ልበላት? ደህና ነው ልበላት?»

«እንዳለ ጻፊላት። ሽታው የሚመለሰው ከነጯ ጋር ደግማ ስታዳቅለው ነው። ነጯ የት ነው ያለችው?»

«ዋንዛው ላይ።»

«ታዲያስ።»

ወልቂጤ ሲደርሱ ሐጂ ወደ አዳራሹ ገቡ። ከድጄ አበባዋን አስመዝግባ፣ ደጃፉ ላይ ካለ ድንጋይ ተቀምጣ እስክሪብቶዋን አወጣች። ማን እንደሚያሸንፍ ለማየት እንኳ አልቸኮለችም።

«ፈትሂያ ልጄ፣ አበባሽ ከእናቷ ይልቅ ትቆያለች። ሽታዋ ግን ቀርቷል። ነጯ ሰኔ ላይ ታብባለች። መጥተሽ ድገሚው።»