ሱሪ የወረሰች ልጅ

ሻንጣ ሊገዛ ከሥራው በጊዜ የወጣው አናጢ አዲሱን ሻንጣ በትከሻው ይዞ ወደ ቤቱ ሲመለስ ጎረቤቱን ነርሷን መንገድ ላይ አገኛት። ነርሷ ወጣት ናት፤ ተምራለች፤ ሰው ከጠየቀች መልሱን ሳትሰማ አትሄድም።

«ጋሼ፣ መንገደኛው ማነው?»

«ልጄ ናት። ነገ አክስቷ ዘንድ ትሄዳለች።»

«ሻለቃ?» ሰፈሩ የሚጠራት እንዲህ ነው። «ለስንት ጊዜ?»

«ሴት እስክትሆን።»

ነርሷ ቆም አለች። «አሁን ምን ሆና ነው?»

አናጢው ሻንጣውን ከትከሻው አወረደ። ሆድ ብሶት ስለነበር ዝም ማለት አልቻለም።

«እናቷ ስትሞት ገና ትንሽ ልጅ ነበረች። ከሦስቱ ወንድሞቿ ጋር ለቀቅኳት። ይኸው አሥራ ሁለት ሞላት። ጣራ ትወጣለች፣ ኳስ ትጫወታለች። ትላንት ደግሞ የጎረቤት ጎረምሳ መሬት ላይ ጥላ ደረቱ ላይ ተቀመጠችበት።»

«ምን አድርጓት?»

«ታናሽ ወንድሟን መትቶት ነው አሉ። እሱ ሌላ ጉዳይ ነው። ከሱሪም አትላቀቅም።»

«ሱሪውን ማን ገዛላት?»

«ማንም አልገዛላት። ከትልቁ ወደ ሁለተኛው፣ ከሁለተኛው ወደ እሷ ይወርዳል። እኔው ነኝ እግሩን የማሳጥርላት።»

«ያለበሷት እርስዎ ነዎት እንግዲህ።»

አናጢው ያን ሁሉ ዓመት ሱሪ ሲያሳጥር ይህ ነገር አንድም ቀን አልታየውም ነበር።

«ሰውስ ምን ይላል?» አለ ቀስ ብሎ። «ነገ ማን ያገባታል? ደግሞ እኔ የማውቀው እንጨት ነው። ሴት ልጅ እንዴት እንደምታድግ አላውቅም።»

የመጨረሻዋን ሲናገር ድምፁ ወረደ። ነገሩ ሁሉ ያለው እዚያ ነበር። ልጁን ለአክስቷ ሊሰጣት የተነሳው ጠልቷት ሳይሆን እንዳያበላሻት ፈርቶ ነው።

«በአንዱ ነገር እውነትዎን ነው» አለች ነርሷ። «ሰውነቷ በቅርቡ ይለወጣል፤ እንዳትደነግጥ የምታስረዳት ሴት ያስፈልጋታል። ለዚያ እኔ ግድግዳ ለግድግዳ አለሁ። ጣራ መውጣቷ ግን በሽታ አይደለም፤ መድኃኒት የለኝም። ለመሆኑ እሷ ምን አለች?»

«ስለ ምኑ?»

«ስለ መሄዷ።»

«ልጅ ይጠየቃል እንዴ?»

«እኔማ ብሰማ ደስ ይለኛል። ይምጡ።»

አናጢው ከነርሷ ጋር በሩ ላይ ደርሶ ቀጥ አለ። በዚህ ሰዓት ቤቱን አይቶት አያውቅም። ትንሹ ልጅ ወገቡ ላይ ፎጣ አስሮ ሽንኩርት ይከትፋል። ሁለተኛው ሳህን ያጥባል፤ ትልቁ ወለል ይጠርጋል። ከላይ፣ የሚያፈስ ቆርቆሮ በምስማር ሲመታ ይሰማል።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ተለዋውጠን ነው፣ አባዬ» አለ ትንሹ ዓይኑን እየጠረገ። «እሷን ሽንኩርት ያንገፈግፋታል፤ እኔ ጣራ እፈራለሁ።»

አናጢው ወጥቶ ወደ ላይ አንጋጠጠ። «አንቺ፣ ነይ ውረጂ።»

ወረደች።

«ወንድ መሆን ትፈልጊያለሽ?» አላት። እንዲህ ያለ ጥያቄ ጠይቋት አያውቅም።

ልጅቷ በር ላይ የተኮለኮሉትን ወንድሞቿን አንድ በአንድ አየቻቸው። «ምን ጎድሎብኝ?»

ትልቁ ልጅ ሳይቀር ሳቀ።

«አክስትሽ ዘንድ መሄድስ?»

«እዚህ መቅረት እፈልጋለሁ» አለች። መዶሻውን በሁለት እጇ ጨበጠች። ያን ያህል ከፍታ ያልፈራች ልጅ መሄዱን እንደፈራች አባትየው አየ።

«እንግዲያው ቅሪ» አላት።

ከዚያ ወዲህ ልጅቷ ነርሷ ቤት ትመላለሳለች። በር ዘግተው የሚያወሩትን አናጢው አይጠይቅም፤ ሌላ ሌላውን ግን ይጠይቃል፤ ጠይቆም አይጠግብም። እንዲህ ያለ ቤት ምን ይጠቀማል ቢሉ፣ ወንዶቹ ሲርባቸው የሰው እጅ አያዩም። ሴቷ ጣራ ሲያፈስ ጠጋኝ አትጠብቅም። ስለ ገላዋ ያወቀችም ልጅ ተደብቃ አታለቅስም። አባትም ለልጁ ከመስጋት አልፎ ልጁን ማወቅ ይጀምራል።

በቅርቡ አንድ የሥራ ባልደረባው «ልጅህ ወንድ ሆነች አሉ» ቢለው፣ አናጢው ከመላጊያው ቀና ሳይል፦

«አልሆነችም፤ ጠይቄያታለሁ» አለው።