የሐጂ ዓሊ የድጋፍ ደብዳቤ

ሐኪሙ «ስኳርዎ እንዲወርድ በየማለዳው ይራመዱ» ካለኝ ወዲህ ከልጅ ልጄ ከኑሰይባ ጋር የጣናን ዳር ይዤ እሄዳለሁ። ልጅቱ የሕግ ተማሪ ናት፤ ዘንድሮ ትመረቃለች። እኔ ከስምንተኛ ክፍል አላለፍሁም፤ ጭንቀትን ግን እስከ ዶክትሬት ዘልቄዋለሁ። «ከውኃው ራቂ፤ ነፋስ አለ፤ ሻርፕሽን ሳቢው» እያልሁ ስሄድ፣ ጀልባዎቹ ከሚቆሙበት አጠገብ ሐጂ ዓሊን አገኘናቸው።

ሐጂ ዓሊ የሰፈራችን ትልቅ ሽማግሌ ናቸው። ስንት የተቀያየመ አስታርቀዋል፤ ስንት ትዳር ጠግነዋል። ሰላምታውን እንደጨረስን ከደረት ኪሳቸው አንድ ወረቀት አወጡ።

«ነፊሳ፣ አላህ ነው ያገናኘን። ቤትሽ ልመጣ ነበር። አራት ሰው ፈርሟል፤ አምስተኛዋ አንቺ ነሽ» አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእኅታቸው ልጅ ሰላህ በሌላ ከተማ ፖሊስ ነበር። ከሦስት ዓመት በፊት አለበል የሚባል የባጃጅ ሹፌር ይዞ፣ ሰውየው በካቴና እንደታሰረ ደብድቦ ክንዱን ሰበረውና ከሥራ ተባረረ። አሁን እኛው ሰፈር ጣቢያ ለመቀጠር አመልክቷል። ደብዳቤው «ምንም ነቀፌታ የሌለበት ምስጉን ልጅ መሆኑን እንመሰክራለን» ይላል።

የኑሰይባ ወንድም አብዱልበሲጥም ባጃጅ ነው የሚነዳ። አልፈርምም ብል ሐጂን ማሳፈር ነው፤ ብፈርም ያን ሰው ከነዱላው በገዛ እጄ ሰፈራችን ማስገባት ነው።

«መነጽሬን አልያዝሁም፣ ሐጂ» አልሁ። መነጽሬ አፍንጫዬ ላይ ነበር።

ኑሰይባ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ወረቀቱን ተቀበለችና አነበበችው።

«ሐጂ፣ ይህን የጻፈው ማነው?»

«እኔ ነኝ። ምን ጎደለው?»

«የአለበል ክንድ ጎደለው።»

በስተጀርባዋ ቆነጠጥኋት። ሐጂ ግን አልተቆጡም።

«ስሚ ልጄ» አሉ። «እኔው ራሴ ሽማግሌ ይዤ አለበል ቤት ሄጃለሁ። ሰላህ እግሩ ላይ ወደቀ፤ በግ ታረደ፤ አፉ ተባባሉ። አፉ የተባለ ነገር መልሶ አይነሣም። የታረቀን ነገር የሚቆሰቁስ ሰው ምን እንደሚባል አያትሽን ጠይቂያት።»

«ነገረኛ ነው የሚባል» አልሁ፣ ከማን ጋር እንደቆምሁ ሳላውቀው።

«እውነትዎን ነው፣ አለበል ይቅር ብሏል» አለች ኑሰይባ። «አለበል ይቅር ያለ ስለራሱ ክንድ ነው። ጠመንጃው ግን የሕዝብ ነው። ነገ ስለሚታሰረው ሰው ማን አፉ አለ?»

«የአላህ በር ለተጸጸተ ክፍት ነው። እናንተ የተማራችሁት ልትዘጉት ነው?»

«አንዘጋም። እርስዎ የጀልባ ማኅበሩን ሲመሩ፣ ከልክ በላይ ጭኖ ጀልባ የገለበጠውን ሰው ምን አደረጉት?»

«ከመሪው አስነሣሁት። ሌላ ወደብ ሄዶ ሊቀጠር ሲልም ደውዬ ነገርኋቸው።»

«አልታረቃችሁም ነበር?»

«እንዴታ፣ የልጁን ሠርግ በልቻለሁ። ግን ጀልባ ሕፃን ይጭናል፣ ነፍሰ ጡር ይጭናል…» አሉና በኑሰይባ እጅ ያለውን ወረቀት አዩት።

ኑሰይባ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «አሁን ለሕዝብ ውይይት የቀረበው የፖሊስ ቅጥር ረቂቅ ደንብም ያንኑ ነው የሚል። በድብደባ የተባረረ ፖሊስ ከተማ ለውጦ ተመልሶ አይቀጠር፤ መዝገቡ ይከተለው፤ የሚቀጥረው ጣቢያ የቀድሞውን ይጠይቅ።»

«አለቃው ጠልቶ በሐሰት ያባረረውስ? የእሱን እንጀራ ልትቆርጡ ነው?»

በልቤ፣ ይህስ እውነት ነው አልሁ።

«ለእሱ ይግባኝ ይኑር፤ ገለልተኛ ሰዎች ይዩለት፤ ንጹሕ ከሆነ ስሙ ጠርቶ ይመለስ። ሰላህ ግን እርስዎ ፊት አምኗል። ታዲያ ‹ነቀፌታ የለበትም› ብሎ መፈረም ዕርቅ ነው የሐሰት ምስክርነት?»

ሐጂ ወረቀቱን ከኑሰይባ እጅ ተቀበሉ። እኒህ ሰው በዕድሜያቸው በሐሰት ምለው አያውቁም። የእኛ የሽምግልና ሰዎች ስሕተታችን እዚህ ላይ ይመስለኛል። የታረቀን ነገር አለማንሣት ደግ ልማድ ነው፤ ግን ሳናነሣው እየቆየን «አልተደረገም» ወደ ማለት እንደርሳለን።

«ነፊሳ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ትፈርሚ ነበር?» አሉኝ።

«እፈርም ነበር፣ ሐጂ። ከዚያ ወዲያ ግን አብዱልበሲጥ ባመሸ ቁጥር በር ላይ እየቆምሁ ነው የምኖር። ሌባ ፈርቼም አይደለም።»

ሐጂ ወረቀቱን በአራት ቀደዱት። ሐይቁ ላይ ሊጥሉት ሲሉ ኑሰይባ እጃቸውን ያዘች። «ዓሣው ምን በደለ?» ብላ ቁርጥራጩን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ሐጂ እስኪያስላቸው ሳቁ። ከዚያ እዚያው አግዳሚ ላይ አስቀምጠው ሌላ ደብዳቤ አጻፏት። «ሰላህ የሰው ክንድ ሰብሯል፤ ተጸጽቷል፤ ታርቋል። ጉልበት አለውና ሥራ ስጡት፤ ሥልጣን አትስጡት» ይላል። የተጻፈው ለጀልባ ማኅበሩ ነው። መነጽሬን አስተካክዬ ከእሳቸው ቀጥዬ ፈረምሁ።

ሰላህ ሁለት ሳምንት አኮረፈ። ዛሬ ጭነት ያወርዳል፤ አሮጊቶችን ደግፎ ጀልባ ላይ ያወጣል። በውይይቱ ላይም ሐጂ ከሁሉ ቀድመው ተነሡና «የይግባኙ ነገር በደንብ ይጻፍ» ብለው ደንቡን ደገፉ። ደንቡ ጸደቀ። ጥቅሙንም በዓይናችን አየነው፤ የተበደለ ሰው አቤት ለማለት ወደ ጣቢያው መሄድ ጀመረ፤ ደጉም ፖሊስ ከክፉው ጋር አብሮ መታማቱ ቀረለት።

ሰላህ አመልክቶበት ለነበረው የፖሊስ ቦታ የተቀጠረችው አገርነሽ የምትባል፣ እዚሁ አጠገባችን መሸንቲ ያደገች ልጅ ናት። መዝገቧን አይተው፣ የቀድሞ አለቃዋን ጠይቀው ነው የወሰዷት። ባለፈው ሰሞን የጎረቤት ፍየል ጠፍታ ልትጠይቀን መጣች። «ምሳ ሳትበዪ አትሄጂም» አልኋት። ፖሊስ ከማዕዴ ሲቆርስ በዕድሜዬ ገና ያን ዕለት አየሁ። ክርስቲያን ናትና፣ ቀኑም ዓርብ ነበርና፣ የጾም ሽሮ ሠራሁላት፤ ጨው አንሶት ይሆን እያልሁ ስጨነቅ ዋልሁ።