ከውሻዋ አፍ የወጣው ክር

ሱሪዬን ላስጠብብ ወደ ልብስ ሰፊው ጎረቤቴ ስሄድ፣ በሩ ላይ ከአንዲት ወጣት የእንስሳት ሐኪም ጋር ተገጣጠምን። የሰፈራችን ልጅ ናት። ሰላምታችንን ሳንጨርስ የሰፊው ጩኸት ከውስጥ ተሰማ።

«ጓዴ» የሚላት ውሻው ከስፌት መኪናው ሥር ትታነቃለች። ከአፏ ስንዝር የሚሆን ጥቁር ክር ወጥቷል። ሰፊው የክሩን ጫፍ በጣቱ ጠምጥሞ ሊጎትት ነው።

«ጋሼ፣ እንዳይጎትቱት!» አለች ልጅቱ።

«ክር መምዘዝ አንቺ ልታስተምሪኝ ነው? አርባ ዓመት መዝዣለሁ!»

«ከጨርቅ ነዋ! መርፌውስ የት አለ?»

መርፌን ከነክሩ ከጠረጴዛው ጠርዝ አንጠልጥሎ መተው የሰፊው ልማድ ነው። ጠርዙን ዳበሰ። የለም።

«ሲጎትቱት መርፌው ጉሮሮዋን ይበሳል። ክሩ ሆዷ ገብቶ ከሆነም አንጀቷን እንደ ምላጭ ይቆርጠዋል።»

«ውሻ እኮ አጥንት ይፈጫል! አባቶቻችን ለውሻ ሐኪም ጠርተው ያውቃሉ?»

«ስንቱ ሞተባቸው? ሆዱን ከፍቶ ያየ አለ? ‹ቀኑ ደረሰ› ብለው ቀበሩት እንጂ።»

ሰፊው ወደ እኔ ዞረ። «በዕድሜ ይበልጡኛል፤ እስቲ ይፍረዱ።»

«እኔም ፍየል ፌስታል ውጣ ሞታብኛለች» አልሁ።

ውሻዋ እንደገና ታነቀች። ሰፊው ክሩን ከጣቱ ፈታ።

ክሩን ሳንነካ ውሻዋን በጨርቅ ጠቅልለን ወደ ልጅቱ ክሊኒክ ወሰድናት። ራጁ ላይ መርፌው ጉሮሮዋ ውስጥ ተጋድሞ ታየ። ልጅቱ በማደንዘዣ አስተኝታ አወጣችው። ሰፊው እስኪያልቅ ድረስ ቁጭ አላለም።

«እንግዲህ ያገኘችውን ከመብላት እንዴት ልከልክላት?» አላት በኋላ፣ በለሰለሰ ድምፅ።

«እሷን ይተዉአት፤ ዕቃውን ይሰውሩ። መርፌውን ክዳን ባለው ቆርቆሮ ያስቀምጡ፤ ወለሉን ይጥረጉ። የምታኝከው የራሷ ጠንካራ ላስቲክ ይኑራት። ደግሞ አንድ ነገር ከዋጠች አይጎትቱ፣ አያስመልሱ፤ ቶሎ ያምጧት። ሳይቃጠል በቅጠል ነው፣ ጋሼ።»

ሰፊው እንደተባለው አደረገ። ዛሬ መርፌ ፍለጋ አይንበረከክም፤ ደንበኛም መርፌ አይረግጥበትም፤ የልጁ ልጅ ሳትቀር ያለ ሥጋት ወለሉ ላይ ትድሃለች። ብዙ ቤት ይህን ቢያደርግ ብዙ ነፍስ ይተርፍ ነበር።

ባለፈው አንዲት ደንበኛ ክር በጥርሷ በጥሳ መሬት ላይ ጣለች።

«እትዬ፣ ያንሱልኝ። እዚህ ቤት ክር አይጣልም።»

«ውሻዋን ፈርተህ ነው?» ብላ ሳቀች።

«እጄን ፈርቼ ነው» አላት። «ልገድላት የነበርሁት እኔ ነኝ።»

ሴትየዋ ጎንበስ ብላ አነሳችው።