ከፒያሳ የተገዛው ኮት

ምን ያስቃችኋል? እኔ ዋሽቼ አላውቅም፤ ቢበዛ ትንሽ ባጋንን ነው! ከአዲስ አበባ በሚመጣው አውቶቡስ፣ ከኋላቸው ተቀምጬ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አንዲት እናት አዲስ ኮት አቅፈዋል። አጠገባቸው ያለው ነጋዴ ያሾፍባቸዋል።

"ከፒያሳ ነው እማማ?"

"ከፒያሳ ነው። ሁለት ቀን ሙሉ ሱቁን ሁሉ ዞርኩት። ቡና ቤቱ ሳይቀር መስታወት በመስታወት ነው።"

"ታዲያ ኬክ አልቀመሱም?"

"ጾም አይደል እንዴ!"

"ኮቱ ለሙሽራ ነዋ?"

"ሻጯም እንዳንተ አለች። 'ይምጣና ይለካው' አለችኝ።"

"እውነቷን እኮ ነው፤ ቢጠበውስ?"

"በቁመት የሚመስለውን የሱቁን ዘበኛ አስለክቼ ነው የገዛሁት።"

"ምነው፣ ሙሽራው እግር የለውም?"

"ለልጄ ልቅሶ ነው። ጦር ሜዳ ቀረ ብለው አረዱኝ። ሬሳው አልመጣ። ይዘን የምናለቅስበት ልብስ እንኳ የለውም፤ ያለችውን አንዷን ለብሷት ሄደ።"

"እና... ለዚህ ፒያሳ ድረስ? እዚያው አገርዎ እብናት ልብስ ጠፍቶ ነው?"

"በቁሙ ደህና ነገር አልብሼው አላውቅማ።"

እኔ፣ ምላሴ አርፎ የማያውቀው፣ ከወረታ እስከ ደብረ ታቦር ባርኔጣዬን አውልቄ ጭኔ ላይ ይዤ ነው የሄድኩት፤ ካላመናችሁ በዚያ አውቶቡስ የነበረ ማንንም ሰው ሄዳችሁ ጠይቁ።