የምንጩ ዐይንና የድንኳን ሜዳው ካርታ

በጥቅምት ወር ከመሐል ሜዳ ወደ ራቤል ስንጓዝ የሚኒባሳችን ጎማ ተነፈሰ። ሾፌሩ እስኪቀይር ከመንገዱ በላይ ወዳለው ሜዳ ወጣ ብል፣ አንድ ሽማግሌ ቀይ የተቀባ ችካል እየነቀሉ ሲቆጡ አገኘሁ። አቶ ሸዋንዳኝ ይባላሉ። ፊት ለፊታቸው የቆመችው ሐሴት ደግሞ ጎብኚዎች ድንኳን ተክለው የሚያድሩባቸውን የሕዝብ ቦታዎች ለይታ በካርታ እንድታሰፍር የተላከች ወጣት ናት።

«ይህ የጋራ ግጦሻችን ነው!» አሉ ሽማግሌው። «ዛሬ ችካል፣ ነገ አጥር፣ ከነገ ወዲያ ልቀቁ ልትሉን ነው!»

«አባቴ፣ ቢቆጡ አይፈረድብዎትም። ችካሉ ግን ከብትዎን አያግድም፤ ድንኳን ከዚህ እንዳያልፍ ነው።»

«ድንኳንማ ያለ ችካልም መጥቷል!»

«የት ሰፈሩ?»

አቶ ሸዋንዳኝ በችካሉ ወደ ላይ ጠቆሙ። «ከምንጩ ዐይን በላይ! ድስታቸውን እዚያው አጠቡ፤ እዚያው ተጸዳዱ። የምንጠጣው ውኃ እኮ ነው! የልጄ ሚስት እርጉዝ ሳለች በተቅማጥ ወድቃ ከሞት ነው የተረፈችው።»

እኔም ደሜ ፈላ። ይህን ያደረግነው ተምረናል የምንል ከተሜዎች ነን። በግቢያችን የማናደርገውን በሰው ምንጭ ላይ ለማድረግ አላፈርንም።

«አቤት አላላችሁም?» አለች ሐሴት።

«ብለናል እንጂ! ቀበሌ ሄደን ‹እንግዶቹ ክልክል መሆኑን በምን ያውቃሉ? የተጻፈ ነገር አለ?› ተባልን። ምን እንመልስ?»

«እንግዲያውስ አባቴ፣ አሁን የነቀሉት መልሱን ነው።»

ሽማግሌው በእጃቸው የያዙትን ችካል አዩት። ቁጣቸው ባይበርድም አቅጣጫው ተለወጠ።

«እስቲ ካርታውን አሳዪኝ።» ስልኳን ተቀብለው አተኩረው ተመለከቱ። «ምንጩ የታለ?»

ካርታው ላይ ምንጭ አልነበረም።

«ይኸው! ችካል የተከልሽበትም ውኃ የሚተኛበት ረግረግ ነው። እዚህ የኖርነውን ሳትጠይቁ የምታነሱት ምን ዓይነት ካርታ ነው?»

ሐሴት አቀረቀረች። «ጥፋቱ የእኛ ነው። ይምሩኝ።»

መሯት። ሚኒባሱ ጥሩምባ ቢነፋም አልተመለስኩም፤ ሜትር ያዥ ሆኜ ተከተልኳቸው። ምንጩን፣ ጓሳው ሣር የሚታጨድበትን፣ የከብቱን መሄጃ አንድ በአንድ አስመዘገቧት። ለድንኳን የመረጡት ከምንጩ በታች፣ ነፋስ የማይበረታበትን ደረቅ ሜዳ ነው።

በኅዳር የቀበሌው ሕዝብ ተሰብስቦ ካርታውን አጸደቀ። ዛሬ እንግዳው ማደሪያውን አውቆ ይመጣል፤ መጸዳጃው ከውኃ ርቆ ተቆፍሯል፤ እሳት የሚነደው በአንድ ቦታ ብቻ ነው፤ እንግዳውን የሚመሩትም የሰፈሩ ወጣቶች ናቸው። ያጠፋ ቢኖር ካርታው ላይ በጣት ተጠቁሞለት ይጠየቃል።

በጥር ራቤል ገበያ ላይ አቶ ሸዋንዳኝን አየኋቸው፤ የአጎራባቹን የግሼ ወረዳ ሽማግሌዎች ሰብስበው ይቆጣሉ።

«ካርታችሁን ለማስነሳት ምን ትጠብቃላችሁ?» ይላሉ። «የእኛ ሰው ታሞ ተማርን፤ የእናንተም የግድ መታመም አለበት?»