የኔና የእንፋሎት ዳቦ

በስደት አገር፣ ሴንት ጄምስ ታውን የሚባል ሰፈር ስኖር፣ ፊሊፒናዊቷ ጎረቤቴ ኔና ልታስደስተኝ ብላ ቤቴ መጥታ ሥጋ የተሞላ ዳቦ በእንፋሎት አበሰለችልኝ። አሳማ እንደማልበላ ታውቃለችና በበሬ ሥጋ ነው የሠራችው። ዳቦው እንደ ደመና አብጦ ሕንጻውን ከነተከራዩ ወደ ሰማይ ሊያነሳው ምንም አልቀረው። ችግሩ፣ ጊዜው ሁዳዴ ነው። እምቢ ብላት ይከፋታል፤ ብበላ የነፍሴ ነገር። ዳቦውን እያገላበጥኩ፣ “አንቺስ አትበዪም?” አልኳት።

“ዛሬ ዓርብ አይደል አባባ፣ እኛ በጾማችን ዓርብ ሥጋ አንበላም።”

“እኔስ ታዲያ ጾም ላይ አይደለሁም?”

ደነገጠች። “ገናችሁ ከኛ ስለሚዘገይ ጾማችሁም ያልገባ መስሎኝ።”

አብረን ሳቅን። ቤቱን እንፋሎት ሞልቶት ከተማው ከመስኮቱ ጠፍቷል፤ በጉም ላይ የምንንሳፈፍ መሰለኝ። ኔና መስኮቱን ልትከፍት ተነሳችና እጇን መለሰች።

“ሽታው ጾም ያስገድፋል እንዴ?”

“ቀስ ብለን ከሳብነው አያስገድፍም” አልኳት።